የጠፋ መብራት ምስክር አይሆንም

ቨርጂኒያ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ መጠበቂያ ሄዳችሁ «ቼክ ኢንጂን በራብኝ» ብላችሁ ተናገሩ። ወሬያችሁን ሳትጨርሱ ፍርዱ ይሰጣል። «ኮዱ ስንት አለ? ፒ0455? በቃ፣ ክዳኑ ነው!» ቡናውን የያዘው ራሱን ይነቀንቃል። ስልክ የሚያወራው እንኳ ከጆሮው ነጠል አድርጎ «አጥብቀው፤ እምቢ ካለ አዲስ ግዛ» ይላል። በፖለቲካ አንስማማም፣ በእግር ኳስ አንስማማም፣ በቤንዚን ታንከር ክዳን ግን አንድ ሕዝብ ነን።

እኔ ከዚህ ስምምነት ወጥቻለሁ። ክዳን አይበላሽም ማለቴ አይደለም፤ ይበላሻል፣ ያውም ብዙ ጊዜ። ጎሚኒው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሳይጠብቅ ይቀራል። ጠቤ ከክዳኑ ጋር ሳይሆን ወደ ክዳኑ ካደረሰን አስተሳሰብ ጋር ነው። ኮዱን እንደ ፍርድ እንቀበላለን፤ መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ድኗል ብለን እናምናለን። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የብዙዎቻችንን ገንዘብ የበላውም ሁለተኛው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልጀምር። ቤንዚን መኪናው ቆሞም ይተናል። ያ ትነት ወደ አየር እንዳይወጣ ካኒስተር የሚባል ከሰል የተሞላ ሣጥን ይቀበለዋል፤ ከሰሉም ይዞ ያቆየዋል። ሞተሩ ሲሠራ ፐርጅ ቫልቭ ይከፈትና ሞተሩ ትነቱን ስቦ ያቃጥለዋል። በሌላው ጫፍ ቬንት ቫልቭ አለ፤ ካኒስተሩ ንጹሕ አየር የሚስበው በእሱ በኩል ነው። ፐርጁ ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ዝግ ነው፤ ቬንቱ ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ክፍት ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ የሚፈትነው እንዲህ ነው። መውጫ መግቢያውን ይዘጋል፤ የውስጡን ግፊት ይለውጣል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ግፊቱ ባለበት ከቆየ ሥርዓቱ ደህና ነው። ካልቆየ የሆነ ቦታ ያስተነፍሳል። በቃ፣ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ዓይን የለውም፤ ክዳኑን አያይም፣ ቱቦውን አይዳስስም። ኮዶቹም የሚናገሩት ስለ መጠን ነው። ፒ0455 ትልቅ ማስተንፈስ ነው፤ ፒ0442 ትንሽ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ከምታህል ቀዳዳ የሚጀምር፤ ፒ0456 ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ የሚበቃው። አንዳቸውም ቦታ አይጠሩም። «ፒ0457ስ? እሱ የክዳን ኮድ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ስሙ እንደዚያ ይላል። ነገር ግን እሱም በአንዳንድ መኪኖች ላይ ቤንዚን እንደተቀዳ ማስተንፈስ ስለታየ ብቻ የተደረሰበት ግምት ነው። ክዳኑን አይቶ የመሰከረ ማንም የለም።

ጎሚስታ ምን እንደሚያደርግ አስታውሱ። አዳማ መውጫ ላይም ሆነ መርካቶ ውስጥ፣ ጎማችሁ ሲያስተነፍስ ጎሚስታው «ቫልቮላው ይሆናል፣ እንቀይረው» አይላችሁም። ከመነዳሪውን አውጥቶ ይነፋዋል፣ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ እያዞረ ይነክረዋል፣ አረፋ የወጣበትን ቦታ በጠመኔ ይከብበዋል። ከዚያ በኋላ ነው የሚለጥፈው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠው ጎሚስታ ሳያይ አይጠግንም። እኛ ግን ስካነር የያዘ ሰው ፊት ስንቆም ያንን የበርሜል ጥበብ ጥለን ቁጥር እናመልካለን።

ታዲያ ክዳኑ ነው የሚለው እምነት እንዴት ይህን ያህል ጸና? ሁሉም የየራሱ ምስክርነት ስላለው ነው። «እኔ ራሴ ክዳኑን ቀይሬ ኮዱን አስጠፋሁ፤ መብራቱም ጠፋ!» ይላል። አይዋሽም፣ መብራቱ በእርግጥ ጠፍቷል። ግን ክዳኑን ባይቀይርም ይጠፋ ነበር። ኮዱን በስካነር ያጠፋ ሰው መብራቱን አጥፍቷል፤ ኮምፒውተሩም ፈተናውን እንደገና አድርጎ እስኪጥለው ድረስ ዝም ይላል።

ፈተናው ደግሞ በየደቂቃው አይደረግም። ብዙ መኪኖች ሞተሩ አድሮ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ፤ ታንከሩ ጢም ካለ ወይም ሊያልቅ ከደረሰ አይፈትኑም፤ በአብዛኛው ከ15 እስከ 85 በመቶ መካከል ሲሆን ነው የሚፈትኑት። አንድ ጊዜ ቢወድቅም መብራቱን ወዲያው አያበሩም፤ በአብዛኛው በተከታታይ ሁለት ጊዜ መውደቅ አለበት። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ጉዳዩ ከዚህም ይረቅቃል። ሞተሩ ከጠፋ 5 ሰዓት ሲሞላው አንዲት ትንሽ ፓምፕ ራሷ ተነስታ አየሩን ትስባለች፤ ሞተሩ ያኔም ካልቀዘቀዘ 7 ሰዓት፣ ቀጥሎም 9 ሰዓት ተኩል ድረስ ይቆያል። ሌሊት በር ላይ የቆመች መኪና ብቻዋን ስታጉረመርም ሰምታችሁ ከደነገጣችሁ፣ የሰማችሁት ይህችኑ ፓምፕ ነው። እሷም ብትሆን አየሩ ከ4 ዲግሪ ገደማ በታች ከቀዘቀዘ ወይም ከ35 በላይ ከሞቀ ሥራዋን ትተዋለች።

አሁን ይህን በአንድ ሹፌር ኑሮ ላይ አስቀምጡት። ጥር ወር ነው፣ ቨርጂኒያ። ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቀን ቀን እሱ፣ ማታ ማታ የሚጋራው ጓደኛው ይነዳል፤ መኪናዋ አምስት ሰዓት ሙሉ የምትቆመው ከስንት አንዴ ነው። ሰኞ ዕለት ክዳን ገዛ፣ ኮዱን አስጠፋ። መብራቱ ሁለት ሳምንት ሳይበራ ቆየ። ይህ ሰው ለሃያ ሰው «ክዳኑ ነው» ብሎ ይመሰክራል። መብራቱ በሦስተኛው ሳምንት ሲመለስ ግን ለሃያው ሰው ደውሎ «ተሳስቻለሁ» አይልም። «ይሄ ሌላ ችግር ነው» ይላል። ያው የፊተኛው ችግር ነው፤ ምስክርነቱ ግን አልተሻረም።

የተገላቢጦሹም አለ። ክዳኑ በእውነት ተበላሽቶ በአዲስ የተካ፣ ነገር ግን ኮዱን ያላስጠፋ ሰው በማግስቱ መብራቱ እንደበራ ያገኘዋል። ኮምፒውተሩ መብራቱን በራሱ የሚያጠፋው ፈተናውን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሲያልፍ ነውና። ሰውየው ግን «ክዳኑ አይደለም ማለት ነው» ብሎ ወደ ጋራዥ ይሮጣል፣ ደህናውን ካኒስተር ያስቀይራል። እንግዲህ ያልተጠገነው የዳነ፣ የተጠገነው ያልዳነ ይመስላል። እንዲህ በሁለት በኩል የሚያሳስት ምስክር በየትኛው ሸንጎ ይቆማል?

ይህን ስጽፍ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም። የራሴ መኪና ላይ ትልቁ ኮድ ሲበራ ክዳን ገዛሁ። መብራቱ ዘጠኝ ቀን ጠፋ፣ ተመለሰ። ያስቀመጥኩት ርካሽ ስለሆነ ነው ብዬ ሌላ፣ ውድ የሆነውን ገዛሁ። እንደገና ጠፋ፣ እንደገና ተመለሰ። ከዚያ አንድ ጋራዥ ስካነር ሰክቶ «ካኒስተር» አለኝ፤ አራት መቶ ዶላር ከፈልኩ። መብራቱ አሥራ አንድ ቀን ጠፋ። በመጨረሻ ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ፤ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ነገሩን ቀስ ብሎ የሚያይ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ክዳኑም ካኒስተሩም ተቀይሯል» አልኩት። «መቀየሩን ተወው፤ ያስተነፍስ የነበረው የቱ ነው? አይተኸዋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጭስ ነፋበት፤ ከኋለኛው ጎማ በላይ ከፕላስቲኩ ጀርባ ነጭ ጭስ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ቤንዚን ከክዳኑ ወደ ታንከሩ የሚወርድበት የብረት አንገት በክረምት መንገድ ላይ በሚረጨው ጨው ዝጎ ተበልቷል። ሁለት ክዳኖቼ ያለ ጥፋታቸው የዛገ ብረት አናት ላይ ተቀምጠው ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ኮድ ብቻ አንብቦ መፍረድ የት ድረስ እንደሚያሳስት ከሚያሳዩት ሁሉ እኔ የምወደው የሸረሪቱን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ማዝዳ ኩባንያ በሰሜን አሜሪካ የሸጣቸውን ወደ 65,000 የሚጠጉ ማዝዳ 6 መኪኖች ለነፃ ጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ የቤንዚን ሽታ የሚስበው ቢጫ ሸረሪት በካኒስተሩ የአየር መግቢያ ቱቦ ውስጥ ድር ማድራቱ ነው። ድሩ አየሩን ሲዘጋ በታንከሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ዝቅ ይላል፤ ታንከሩም ሊሰነጠቅ ይችላል። የትኛው ስካነር ነው «ሸረሪት» ብሎ የሚጽፍላችሁ? ቱቦውን ነቅሎ ያየ ሰው ነው ያገኘው።

ታዲያ እውነተኛው ምርመራ ምን ይመስላል? በጥያቄ ይጀምራል፤ ጥያቄ ደግሞ በነፃ ነው። ቤንዚን ከቀዳችሁ በኋላ መኪናዋ ለመነሳት ታስቸግራለች? ፐርጁ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ይሆናል። ስትቀዱ መቅጃው ሳይሞላ ቀጭ እያለ ያቋርጣል? አየር የሚወጣበት የቬንቱ መንገድ ተዘግቶ ይሆናል። ቀጭ ካለ በኋላ «ሂሳቡ ይሙላ» እያላችሁ ትጨምራላችሁ? ካኒስተሩን በፈሳሽ ቤንዚን እያጠመቃችሁት ነው፤ እሱ የተሠራው ለትነት ነው። ቤንዚን ይሸታችኋል? ከየት በኩል? እነዚህን ሳይጠይቅ ዕቃ የሚያዝ መካኒክ ሕመምተኛውን ሳያናግር መድኃኒት የሚጽፍ ሐኪም ነው።

ቀጥሎ እጅና ዓይን ይመጣሉ። ክዳኑ ይታያል፤ አዎ፣ እሱ ይቅደም፣ ቅርብ ነውና። ጎሚኒው ይዳሰሳል፤ የሚቀመጥበት ከንፈርም አብሮ ይታያል። ከዚያ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥበት እየዞረ የፐርጁ ኤሌክትሪክ ይነቀልና ከካኒስተሩ የሚመጣው ቱቦ ይላቀቃል። በፐርጁ አፍ ላይ ጣት ተደርጎ ቢስብ፣ ኤሌክትሪክ ሳይኖረው ዝግ መሆን የነበረበት ቫልቭ ክፍት ነው። ምርመራው አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚህ በኋላ ነው የጭሱ ተራ የሚደርሰው። ኤሌክትሪክ ሳይኖረው ክፍት የሆነው ቬንት መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት ይዘጋል፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ ልዩነት ለዚህ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ጭሱ በቬንቱ በኩል ሲወጣ አይቶ «አገኘሁት» ይላል። የጭሱ ግፊት እጅግ ትንሽ ነው፤ ጎማ ከ30 ፒኤስአይ በላይ ሲነፋ ይህ ከ1 ፒኤስአይ በታች ነው። ስለዚህ የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር በታንከሩ ላይ የሚሰካ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ያን ያህል ግፊት ደህናውን ዕቃ ይሰብራል፤ አየር ከቤንዚን ትነት ጋር ሲገናኝ ደግሞ የሚጠብቀው ብልጭታ ብቻ ነው።

እንግዲህ ተቃዋሚዎቼን ልስማ። «የጭስ ምርመራ መቶ ዶላር ሲያስወጣ ክዳን አሥራ አምስት ነው፤ በርካሹ ብንጀምር ምን አለበት?» ይላሉ። ምንም የለበትም። ጎሚኒው ተሰንጥቆ ካያችሁት ዛሬውኑ ቀይሩት። የምቃወመው ጎሚኒው ደህና ሆኖ ሳለ ክዳን መግዛትን፣ ከዚያም መብራቱ ሲጠፋ ነገሩን የተዘጋ ፋይል ማድረግን ነው። የእኔ ሁለት ክዳንና አንድ ካኒስተር አራት ጊዜ ጭስ ያስነፉ ነበር።

«መኪናዋ ደህና ትሄዳለች፤ መብራቱ የመንግሥት ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» የሚሉም አሉ። ግማሹ ልክ ነው፤ ትነት የሚያስተነፍስ መኪና መንገድ ላይ አይቆምም፣ ሞተሩም አይቃጠልም። በዚህ ኮድ አስደንግጦ «ዛሬውኑ ካልሠራነው» የሚላችሁን አትመኑት። ቤንዚን ከሸተታችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አትዘግዩ። ደንቡ ግን ከቀልድ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስን ያፍን የነበረው ጉም የተሠራው ካልተቃጠለ ቤንዚን ትነትና ከጭስ ማውጫ ጋዝ፣ በፀሐይ ብርሃን መሆኑን ያሳየው አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል ኬሚስት ነው። ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል፣ መላው አሜሪካ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ትነቱ እንዲያዝ ያስገደዱት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱን እንዲፈትን የተገደደው ደግሞ ከ1996 ሞዴል ነው። ለራሳችሁ ጥቅምም ቢሆን፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መብራት አንዲት ናት። ለትነቱ ሁሌ የምትበራ ከሆነ ነገ ለከባዱ ብልሽት ስትበራ በምን ትለዩዋታላችሁ?

ሦስተኛው ክርክር የጭስ ልቀት ኢንስፔክሽን ሲደርስ የሚነሳው ነው። «አስጠፋውና ሮጠህ አስፈትሽ።» ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ ይህ ምክር ይሰማል። እውነቱን እንነጋገር፤ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። ኮድ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የሁሉንም ፈተናዎች ውጤት ይረሳል፤ የኢንስፔክሽን ጣቢያው ደግሞ በተለመደው መመዘኛ ከ2001 ሞዴል ወዲህ ባለ መኪና ላይ አንድ ያልተጠናቀቀ ፈተና ብቻ ይታገሳል። በዚያው ቀን የሮጠ ሰው ብዙ ጎዶሎ ይዞ ሄዶ ይመለሳል። ጥቂት ቀን የነዳ ደግሞ ሌሎቹን አሟልቶ፣ የትነቱ ብቻ ጎድሎት ሊያልፍ ይችላል። አለፈ ማለት ግን ተጠገነ ማለት አይደለም። ወረቀቱን ይዞ ከወጣ በኋላ የሚበራው ያው መብራት ነው፤ እኛም «ካለፍን በኋላ በራ» ብለን እንደ አዲስ እንገረማለን።

ነገሩ አገር ቤትም ይከተለናል። ከዚህ ተጭነው አዲስ አበባ የገቡ መኪኖች ይህንኑ ፈታኝ ኮምፒውተር ይዘው ነው የሄዱት። የአሜሪካው ደንብ ከ8,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,438 ሜትር በላይ አምራቹ ፈተናውን እንዲያቆም ይፈቅድለታል። አዲስ አበባ በዚያ ወሰን ዙሪያ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ወሰኑን አልፎታል። እዚያ መብራቱ ሳይበራ የከረመለት ሰው «የአገር ቤት መካኒክ አዳነልኝ» ቢል አልፈርድበትም። ተራራው ፈተናውን አስቀርቶለት ሊሆን እንደሚችል ግን ይወቅ።

መካኒኩን ብቻ ብወቅስ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። እኛ ደንበኞች ለዕቃ ያለ ማጉረምረም እንከፍላለን፤ ለምርመራ ግን «ለማየት ብቻ ነው ገንዘብ የምትጠይቀኝ?» ብለን እንቆጣለን። በሣጥን የታሸገ ዕቃ ይታያል፣ ይጨበጣል፤ የአንድ ሰዓት ማሰብ አይጨበጥም። መካኒኩም ሰው ነው፤ የምንከፍልበትን ይሸጥልናል። ለመፈለግ ሳይከፈለው የሚፈልግ ሰው ካጣን፣ ጥፋቱ የጋራችን ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ስካነር ያነበበ ሁሉ «ይህ ዕቃ ነው» ሲላችሁ፣ የትኛው ቦታ እንደሚያስተነፍስ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከተጠገነ በኋላ ደግሞ መብራቱ ጠፋ ብላችሁ አትዝጉት፤ በዚያው ስካነር የትነቱ ፈተና ተጠናቅቆ ማለፉን አስነብቡ። አረፋውን ሳታዩ ለጎሚስታ አትከፍሉም፤ ጭሱን ሳታዩም ለጋራዥ አትክፈሉ።